የሠንጠረዡ ጣሪያ

ለማንም ነግሬ የማላውቀውን አስቀድሜ ልጻፈው፤ ወደ ኋላ ካቆየሁት እንደ ልማዴ እውጠዋለሁ። ባለቤቴ ዓይኑ ከደከመ በኋላ የኮምፒውተር ሥራውን የማነብለትም የምጽፍለትም እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ያልተጻፈውን እንደተጻፈ አድርጌ አነበብኩለት። አመነኝ። እሱ እኔን በማመኑ የተጎዳው ግን ሌላ ሰው ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ከዚያ ሰው ጋር የተጻጻፍናቸው ደብዳቤዎች ናቸው። የባለቤቴ ተማሪም የሥራ ባልደረባም ነበር። ከቅጥነቱ የተነሳ ባለቤቴ «ቀጮ» ይለው ስለነበር እኔም ሌላ ስም አልሰጠሁትም። ጥቂቶቹ ጠፍተዋል። ካሉት ግን አንድም ቃል አልነካሁም። በሰው ጽሑፍ ውስጥ እጅ ማስገባት ምን እንደሚያመጣ አውቃለሁ።


ጥቅምት 6

ለተከበሩ እትዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ በተለይ ጉልበትዎ፣ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ማለት እንግዲህ የሚበላ አለ፣ የሚያመኝ የለም ማለት ነው።

«የት ጠፋህ?» ያሉባት ካርድ ደረሰችኝ። ከጋሼ ቀብር ወዲህ ድምፄን ያጠፋሁት ረስቼዎት አይደለም። በየትኛው ፊቴ ልጻፍ? ብዕር ባነሳሁ ቁጥር የእታለም ድምፅ ይመጣብኛል፤ «እጅህን ከወንድሜ ሳጥን ላይ አንሳ!» ያሉኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እጄን አነሳሁ። እህት ናቸው፤ እውነታቸውን ነው።

አሁን ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔት፣ ጉርድ ፎቶ። ኮምፒውተሬ የሰው ማመልከቻ ከማተም በቀር ሥራ የላትም። በቀደም አንዷ ደንበኛ «ፊደል ተሳስቼ እንደሆን እግረ መንገድህን አርምልኝ» አለችኝ። «እመቤት፣ እኔ አትማለሁ እንጂ አላርምም» ብላት፣ «ኤዲያ! ጣትህ ይቆረጣል እንዴ?» ብላ ወረቀቷን ነጥቃኝ ወጣች። ሳቅሁ። ከሄደች በኋላ ግን ሳቁ አልቀጠለም።

የጻፍኩልዎት ለዚህ ነው። ጋሼ ይሠሩበት ለነበረው የኦፐሬቲንግ ሲስተም የኔትዎርክ ኮድ የሚላኩትን ጥገናዎች የሚሰበስበው ሰው ፈልጎ ፈልጎ አገኘኝ። በኮዱ ውስጥ ያሉት ሠንጠረዦች መጠናቸው ሲወሰን ቁጥሩ ከዚህ እንዳያንስ፣ ከዚያ እንዳይበልጥ፣ ለሁሉም ወለልና ጣሪያ ሊያበጁላቸው ነው። የጋሼን አጻጻፍ የሚያውቅ ሰው ቢያየው ይሻላል ብሎ፣ አንብቤ በ«መርማሪ» መስመር ላይ ስሜን እንዳሰፍር ይለምነኛል። የእኔን ስም! እዚያ መስመር ላይ! እስከ ኅዳር መጨረሻ መልስ ካልሰጠሁ ያለ እኔ ያልፋል።

ወረቀቶቹን ልላክልዎት? የጋሼ ዓይን እርስዎ ነበሩ። ነገሩን ያስታውሱታል ወይ? ደግሞ ይህን መጠየቅ ድፍረት ነው፤ ጋሼ መጨረሻ ላይ ስለ እኔ ያሉት ነገር ይኖር ይሆን?

ለእታለም ሰላምታዬን አያድርሱ። እዚያው እርስዎ ጋ ይቀመጥ።

ቀጮ


ጥቅምት 19

ለቀጮ፣

እንደምን አለህልኝ? መልሴ ዘገየ፤ ይቅር በለኝ። ጀምሬ የቀደድኩት ወረቀት ብዙ ነው። ጉልበቴ እንዳለ ነው፤ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል።

አስታውሰዋለሁ። ማስታወሱ ነው የሚያስቸግረኝ። እንደምታውቀው ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። የጋሼህን መጻሕፍት አቧራቸውን ላራግፍ ስገልጥ ስገልጥ ነው ያነበብኳቸው። ስለዚህ ስህተት ካለኝ አርመኝ፤ ላርም ካልክ።

ኮምፒውተሩ ሲነሳ፣ በእሱ በኩል የሚያልፈውን ግንኙነት ሁሉ የሚመዘግብበት ሠንጠረዥ ያዘጋጃል። ስንት ረድፍ እንዲኖረው ወይ ራሱ ከሜሞሪው ያሰላል፣ ወይ ማሽኑን የሚያስተዳድረው ሰው ቁጥር ይሰጠዋል። ያንን ቁጥር ሁለት፣ አራት፣ ስምንት እያለ በእጥፍ ከሚሄደው ቁጥር ወደ ቅርቡ፣ ወደ ላይ ያጠጋጋዋል። ችግሩ ቁጥሩ የሚቀመጥበት ሳጥን ልክ አለው። ጋሼህ የመኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ይለው አልነበር? ዘጠኝ በዘጠኝ ሞልቶ አንድ ሲጨመር ዜሮ በዜሮ ይሆናል። እንዲሁ ከመጠን ያለፈ ቁጥር ሲጠጋጋ ይሞላና ዜሮ ይሆናል። ከዚያ ኮዱ የመጨረሻውን ረድፍ ለማወቅ ከዜሮ ላይ አንድ ይቀንሳል፤ ቆጣሪው ወደ ኋላ ዞሮ ዘጠኝ በዘጠኝ ይሆናል። አንድም ረድፍ የሌለው ሠንጠረዥ ማለቂያ የሌለው መስሎት፣ የሌላውን ሜሞሪ እየረገጠ ይጽፋል። ጣሪያው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ይኸው፤ አስታውሰዋለሁ። ወረቀቶቹን ላክልኝ።

እታለም ደህና ናት። አሁንም ከግድግዳው ማዶ ናት። ወንድሟ ካረፈ ወዲህ አንድም ቀን ብቻዬን እራት በልቼ አላውቅም፤ ሾርባዋን ይዛ ትመጣና «ጨው አንሶታል ትዪና እላይሽ ላይ እደፋዋለሁ!» ትለኛለች። ከእሷ በቀር ሰው የለኝም። ይህን ለምን እንደምጽፍልህ እንጃ።

ስለ መጨረሻው ለጠየቅከኝ፣ ዛሬ እጄ ደክሟል። ሌላ ጊዜ።

እትዬህ


ኅዳር 3

ለተከበሩ እትዬ፣

እንደምን ከረሙ? እጅዎ እንዳረፈ ተስፋ አደርጋለሁ። ስለ መጨረሻው አላስቸኩልዎትም። ባያሰኝዎት ይቅር።

ወረቀቶቹ ከዚህ ጋር አሉ። ሱቄ ውስጥ ነው ያተምኳቸው፤ ራሴን ደንበኛ አድርጌ ራሴን አላስከፈልኩም። በአብዛኛው ጥሩ ሥራ ነው፤ የጻፉት ልጆች ጎበዞች ናቸው። የግንኙነቶቹ ሠንጠረዥ ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። እስኪ እርስዎም ይዩት። ወለሉን ያስቀመጡት ቁጥሩ ከመጠጋጋቱ በፊት ነው። ጣሪያውን ያስቀመጡት ከተጠጋጋ በኋላ ነው፤ መሰለኝ። እንዲያ ከሆነ ከመጠን ያለፈ ቁጥር ወለሉን ያልፋል፤ ትልቅ ነዋ። ከዚያ ሲጠጋጋ ዜሮ ይሆናል። ከዚያ ጣሪያው «ከእኔ ትበልጣለህ?» ይለዋል፤ ዜሮም «ኧረ በጭራሽ» ብሎ ያልፋል። በር የቆለፉት ሌባው ከገባ በኋላ ነው ማለት ነው።

መሰለኝ ነው የምለው። ደግሜ ደጋግሜ አየሁት፤ ባየሁት ቁጥር ያው ነው። ግን የእኔ ዓይን ምን ዋጋ አለው? ያኔም አይቻለሁ ብዬ ነበር። እናንተ ቤት፣ መስኮቱ ሥር ካለችው ጠረጴዛ፣ ከእርስዎ ጎን ተቀምጬ ወለሉንም ጣሪያውንም በዚህ ዓይኔ አየሁ ብዬ እምል ነበር። «መርማሪ» ብዬ ስሜን ጻፍኩ። በማግስቱ ጠዋት መጥቼ ፋይሉን ገልብጬ ከቢሮ ላክሁት። የተላከው ግን ጣሪያ አልነበረውም። ወይ ያላየሁትን አይቻለሁ ብያለሁ፣ ወይ አሮጌ ቅጂ ገልብጫለሁ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ዓመታት ሙሉ ሳስብ ኖርኩ።

በዚያ ምክንያት የሆነውን እርስዎም ያውቁታል። የአምቡላንስ ጥሪ መቀበያውን ማሽኖች የሚያስተዳድረው ሰውዬ የሠንጠረዡን ቁጥር አብዝቶ መስጠት አይጎዳም ብሎ ሰጠ። ማሽኖቹም ጠዋቱን ሙሉ ወደቁ፣ ተነሱ፣ ወደቁ። የደወለ ሁሉ ጸጥታ ነው የሰማው። ከዚያ ስብሰባ፤ ስሜ ሲነበብ ማንም አልተናገረኝም። ቢሳደቡ ይሻለኝ ነበር።

እና ለጥገናዎቹ ሰብሳቢ «ትክክል አይደለም» ብዬ ልጻፍለት ወይስ «እኔ አልሆንም፣ ሌላ ሰው ፈልግ» ልበለው? እርስዎ ምን ይሉኛል?

ቀጮ


ኅዳር 11

ለቀጮ፣

እንደምን ነህ? ወረቀቶቹ ደርሰውኛል፤ በፖስታው ላይ ሻይ ፈስሶበታል፣ ውስጡ ግን ደህና ነው።

ልክ ነህ። ጣሪያው ከመጠጋጋቱ በኋላ ነው። ለሰብሳቢው ጻፍለት። ዓይንህን እመነው።

«በምን ልመነው?» ትለኛለህ፤ አውቃለሁ። ብቻ እመነው።

ትናንት እታለም ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ አየቻቸው። «ይኼ ሁሉ ምንድን ነው? ፖስተኛው አፍቅሮሽ ነው?» አለችኝ።

«ኧረ ባክሽ፤ የመጽሐፍ ሻጭ ነው።»

«የመጽሐፍ ሻጭ እንዲህ ይጽፋል? አንቺን እንኳ አላምንሽም!» ብላ ስቃ ሾርባውን ቀዳችልኝ። እኔም ሳቅሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ አፌ ይህን ያህል ለውሸት መቅለሉ አሳፈረኝ።

ስለ መጨረሻው ስለደበቅኩህ ይቅር በለኝ። ደግሞ እየደበቅኩህ እንዳልቀጥል ልንገርህ። ከስብሰባው በኋላ ጋሼህ አልጋ ላይ ሆኖ ለእታለም እንዲህ አላት፦ «ጣሪያው ነበረ። በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። የወጣው ሲላክ ነው።» ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ስለ አንተ የተናገረው የመጨረሻው ይህ ነው።

እኔ እዚያው ነበርኩ።

እትዬህ


ኅዳር 15

ለተከበሩ እትዬ፣

ደብዳቤዎ ደረሰኝ። ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ፤ መናገሩ ለእርስዎም ቀላል እንዳልነበረ ይገባኛል።

እንግዲህ ፍርዱን ጋሼ ራሳቸው ሰጥተውታል። ጣሪያው ከነበረና ሲላክ ከወጣ፣ የላክሁት እኔ ነኝ። ዓይኔ ነው የሳተው እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር ለካ። እጄም ነው። ጋሼን አስቧቸው፤ እንደ ልጃቸው ያሳደጉኝ ሰውዬ እንደ ቀጣፊ ቆጥረውኝ ፊታቸውን አዞሩ።

ለሰብሳቢው «አልችልም» የሚል ጽፌ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫለሁ። የወሩ መጨረሻ ሲደርስ እልከዋለሁ። ስለ ጣሪያው ቦታ አልጻፍኩለትም። የእኔ «መሰለኝ» ለሰው ሥራ እንቅፋት ከሚሆን ይቅር። ልጆቹ ከእኔ የተሻሉ ናቸው፤ ያዩታል።

እባክዎ በእኔ ምክንያት እታለምን አይዋሹብኝ።

ቀጮ


ኅዳር 18

ለቀጮ፣

ያንን ደብዳቤ አትላከው። መጀመሪያ ይህን አንብብ።

ዓይንህ አልሳተም። እጅህም አልሳተም። ጣሪያው ነበረ፤ ከእኔ ጎን ተቀምጠህ አይተኸዋል። ከሄድክ በኋላ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ምክንያት አለኝ ለማለት አይደለም፤ ግን እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ጋሼህ ኮድ ሲያስጽፈኝ «ይህን መስመር ከዚያኛው ብናስቀድመውስ?» ብዬው፣ «አንቺ እጄ ነሽ፤ ጭንቅላት መች ጠየቅኩሽ?» ያለኝን ታስታውሳለህ? አንተ እዚያ ነበርክ። እንዳልሰማ ሆነህ ጫማህን ታስር ጀመርክ። እሱ ክፉ ሰው አልነበረም። ዓይኑ ሲሄድበት አፉ ይቆጣ ነበር፤ ነገ ይረሳዋል። እኔ አልረሳሁትም።

አንድ መጽሐፍ እያነበብኩ ነበር። የማያስፈልግ ቅድመ ሁኔታ ኮዱን የሚያነበውን ሰው ያደክመዋል ይላል። ያንን ጣሪያ አየሁትና፣ «ማን ጤነኛ ሰው ነው ይህን ያህል ረድፍ የሚጠይቅ?» አልኩ። ትርፍ መሰለኝ። ጭንቅላትም እንዳለኝ አንዲት ቦታ ላይ፣ ለራሴ ብቻ፣ እንዲታወቀኝ ፈለግሁ። ሁለት መስመር ነበር። አጠፋሁት። አንተ ስምህን የጻፍክበትን መስመር ግን እንደነበረ ተውኩት። ያላየኸውን እንዳየህ አደረግኩህ።

ጋሼህ «እስቲ የመጨረሻውን አንብቢልኝ» አለ። ከላይ ጀመርኩ። የጣሪያው ቦታ ስደርስ ጠፍቷል ብዬ ብነግረው ይቆጣል። ስለዚህ በቃሌ አነበብኩለት። ድምፄ ትንሽ እንኳ አልተደናቀፈም። «ጎሽ!» አለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ «ጎሽ» ሲለኝ የመጀመሪያው ነበር። ላልነበረ መስመር።

ጠዋት እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር። ጠዋት ገበያ ሄድኩ። ስመለስ አንተ ገልብጠህ ሄደሃል። ያኔ ብደውልልህ ትስቅብኝ ነበር እንጂ ሌላ ምን ይመጣ ነበር? አፈርኩና ተውኩት። ነገሩ ሲወድቅ ደግሞ ያ ትንሽ እፍረት ከእኔ በላይ አድጎ ጠበቀኝ። ጋሼህ «በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ» ሲል አልጋው አጠገብ የውሃ ብርጭቆ ይዤ ቆሜ ነበር። እታለም እጅህን አንሳ ስትልህ፣ ክንዷን ደግፌ የያዝኳት እኔ ነኝ።

ይቅርታ መጠየቅ ከዚህ በኋላ ራሱ ድፍረት ነው። የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጣሪያው የተሳሳተ ቦታ ላይ መሆኑን ለሰብሳቢው ንገረው። ያየኸውን አይተሃል።

እትዬ ብለህ እንድትጠራኝ አልጠብቅም።


ኅዳር 30

ሰላምታ ልጽፍ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም።

ደብዳቤዎን ሱቅ ውስጥ ነው ያነበብኩት። አራት ኮፒ ያዘዘኝ ሰውዬ ፊቴ ቆሞ ነበር። አርባ አትሜ ሰጠሁት። «ወንድም፣ ለመንደሩ በሙሉ ላድለው?» አለኝ። ሱቁን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ብዙ ነገር ጽፌልዎት ነበር፤ የሚላክ ስላልነበረ አልላክሁትም።

ለሰብሳቢው ጽፌለታለሁ። «ጣሪያው ቁጥሩ ከመጠጋጋቱ በፊት ይምጣ» አልኩት፤ ለምን እንደሆነም በቆጣሪው ምሳሌ አስረዳሁት። ከልጆቹ አንዱ «ማንም ያንን ያህል ቁጥር አይሰጥም እኮ» ብሎ መለሰልኝ። «ሰጥተው ያውቃሉ» አልኩት። ሌላ አልጨመርኩም። አስተካክለው ሲልኩልኝ፣ ስሜን ከመጻፌ በፊት የመጨረሻውን ቅጂ እንደገና ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ያኔ ይህን አላደረግኩም። ትናንት አይቼዋለሁ ብዬ በማግስቱ ሳላይ ላክሁት። ያቺ የእኔ ናት፤ ወስጃታለሁ። የቀረው የእርስዎ ነው።

ስሜ አሁን እዚያ መስመር ላይ አለ።

ይቅርታዎን ተቀብያለሁ ልልዎት አልቻልኩም። ላስቀምጠው ቦታ አጣሁለት። ጋሼ እኔን በዚያ ዓይን አይተውኝ ሄዱ፤ እሳቸውን ማንም አያገኛቸውም። እታለም ግን አሉ። እኔ ብጽፍላቸው የቀጣፊ ማመካኛ ነው የሚሆነው። ከእርስዎ ካልሰሙት ከማንም አይሰሙትም። ሳልሞት እሳቸው እንኳ፣ እጄን ከሳጥኑ ላይ ያስነሱኝ፣ አለመዋሸቴን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። ሌላ አልፈልግም።

ከእሳቸው በቀር ሰው እንደሌለዎት ጽፈውልኛል። አልዘነጋሁትም። እያወቅሁ ነው የምጠይቅዎት።

ደብዳቤዎችዎን ከዚህ ጋር መልሻለሁ። ለጊዜው ባይጽፉልኝ ይሻላል።

ቀጮ


ደብዳቤዎቹ እዚህ ላይ ያበቃሉ። የመጨረሻውን ካነበብኩ በኋላ ሁሉንም ለብዙ ቀን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ለእታለም በአፌ ልነግራት ሁለት ጊዜ ጀምሬ ነበር። አንድ ጊዜ «ምነው ፊትሽ ገረጣ?» አለችኝና ግንባሬን ዳሰሰችኝ፤ እጇ ግንባሬ ላይ እያለ መናገር አቃተኝ። ሌላ ጊዜ ስለ ወንድሟ እያወራች ሳቀች፤ ሳቋን ማቋረጥ አልሆነልኝም። አፌ ያፈረበትን ነገር መቼም አያወጣውም። ስለዚህ ወረቀቶቹ ራሳቸው ይሂዱ።

ሾርባ የማታመጣበት ማታ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ግድግዳውን ሳንኳኳ የማይመለስልኝ ማታ ይመጣል። ልጁ ግን ይህን ሁሉ ዓመት ማንም ሳያንኳኳለት ኖሯል።

ነገ ጠዋት፣ እሷ ቤቷን ስታናፍስ በሩ ክፍት ነው፤ ጠረጴዛዋ ላይ አኑሬላት እወጣለሁ። ላንብብልሽ አልላትም። መነጽሯን አድርጋ፣ በራሷ ዓይን፣ ከላይ እስከ ታች ታንብበው። የማይገባት ቦታ ካለ የቤቴ በር አይቆለፍም፤ መጥታ ትጠይቀኝ፣ ወይም አትምጣ።

እነዚህ ወረቀቶች የእታለም ናቸው፤ የባለቤቴ ታላቅ እህት የእታለም።